የተጓዥ ሠዓሊ ምስክርነት፤ ስለ ጎንደርና ስለ ስሜን የውሃ ቀለም ሥዕሎች

የውሃ ቀለም ሥዕል በጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ከጽሑፉ በስተኋላ የሚከተል ጌጥ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ጽሑፉ ይነበባል፤ ሥዕሉ ይታያል፤ ማስረጃ በተፈለገ ጊዜ ግን ወደ ሥዕሉ የሚመለስ ተመራማሪ ጥቂት ነው። የሥነ ጥበብ ሐያስያንም በበኩላቸው ስለ ቀለሙ ቅጥነት፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ጥላው ይናገራሉ እንጂ ሠዓሊው ምን ያውቅ እንደ ነበረ፣ ያወቀውንም ከማን እንደ ተማረ አይጠይቁም። እኛ ግን የሕዝብን ባህል ለማጥናት የተነሣን ሰዎች እንደ መሆናችን መጠን ከሁሉ አስቀድመን መጠየቅ የሚገባን ይህንኑ ነው። ጎንደርንና የስሜንን ተራሮች በወረቀት ላይ ካኖሩት የውጭ ሀገር ሠዓልያን መካከል ጥቂቶቹን ወስደን ሥራቸውን በዚህ ሚዛን ልንመዝነው እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የውሃ ቀለም ለመንገደኛ የተመቸ ነው። ጥቂት ቀለም በትንሽ ሣጥን፣ አንድ ሁለት ብሩሽ፣ ወረቀትና ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ከተገኘ ሌላ አያስፈልግም፤ ጓዙ ሁሉ በአንዲት በቅሎ ይጫናል። ነገር ግን ይህ ምቾት ዋጋ አለው። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ሲፈልግ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺሕ ሜትር በሚበልጠው በጎንደር ደጋ በበጋው ወራት የውሃ ቀለም ገና ብሩሹ ከወረቀቱ ሳይነሣ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከነጭራሹ አልደርቅም ይላል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የተቀመጠ ሠዓሊ ፈጥኖ መቍረጥ አለበት። ፈጥኖ የሚቈርጥ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሥለው ፊት ለፊቱ ያለውን ሳይሆን በትምህርት ቤቱ የለመደውን ነው። በአውሮፓ ተራሮች የሠለጠነ እጅ የሩቁን ገደል ሁሉ በሰማያዊ ቀለም መሸፈን ልማዱ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወር ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው ግን የሩቁ ገደል እንደ ቅርቡ ጠርዙ ተስሎ እንደሚታይ ያውቃል። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ አቧራውና ጭሱ ሩቁን ያደበዝዘዋል እንጂ ሰማያዊ አያደርገውም። እንግዲህ በብዙ የስሜን ሥዕሎች ላይ የምናየው ሰማያዊ ተራራ የስሜን ተራራ ሳይሆን የአልፕስ ተራራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሀገራችን ሠዓልያን በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ነበራቸው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊ ወረቀቱን ይዞ ከተራራ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ሥዕሉን የሚሠራው ከአባቶቹ በተማረው ሥርዓት መሠረት በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህን እንደ ጕድለት የሚቈጥሩ ጸሐፊዎች አሉ። ለእኛ ግን የዓላማ ልዩነት እንጂ የችሎታ ማነስ ሆኖ አይታየንም፤ እቴጌ ምንትዋብን በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የሣላቸው ሠዓሊ የሰውን ሁኔታ አጥርቶ ለማየት ዓይን አልጎደለውም። የቀኑን ሰዓትና የፀሐዩን ማዘንበል መመዝገብ ግን ተግባሩ አልነበረም።

ከውጭ ሀገር ሠዓልያን መካከል ከሁሉ ይልቅ ልንቆምበት የሚገባው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ በ1737 በኢጣልያ ሀገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ፤ የሕንፃ ንድፍም ተማረ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቀጥሮት በሰሜን አፍሪቃና በሶርያ የሮማውያንን ፍርስራሽ ሲነድፍ ከቈየ በኋላ በግብፅ በኩል አድርጎ አብሮት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1769 ምጽዋ ወረዱ፤ በሊማሊሞ ወጥተው በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። ዘመኑ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት የነገሡበት፣ ራስ ሚካኤል ሥሑል ሥልጣኑን ሁሉ በእጃቸው የጨበጡበት ነበር። ብሩስ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን እያከመ መወደድን አገኘ፤ ባሉጋኒም የጉዞውን ማስታወሻና የአየሩን ጠባይ በጣልያንኛ ይጽፍ፣ ዕፀዋትንም ይሥል ነበር። በ1771 በተቅማጥ በሽታ ታሞ በዚያው በጎንደር ሞተ።

ብሩስ ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ1790 አምስት ቅጽ ያለውን የጉዞ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበ፤ ባሉጋኒን እምብዛም አላነሣውም። ይባስ ብሎ ሞቱን ከእውነተኛው ጊዜ በፊት አድርጎ ስለ ጻፈው፣ በኅዳር 1770 ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ ከአውሮፓውያን ወገን ብቻውን የነበረ መሰለ። ብሩስ ከሞተ በኋላ ሁለተኛውን እትም በ1805 ያሰናዳው አሌክሳንደር መሪ የባሉጋኒን ማስታወሻ አግኝቶ ሠዓሊው ያን ጊዜ በሕይወት እንደ ነበረና አብሮ እንደ ተጓዘ ገለጸ። ሥዕሎቹ በአሁኑ ጊዜ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ፤ ሃልተን፣ ሄፐርና ፍሪስ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ የዕፀዋቱን ሥዕሎች ለባሉጋኒ መልሰውለታል። የሠዓሊው ስም ለመመለስ ሁለት መቶ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል ማለት ነው።

ሥዕሎቹስ ራሳቸው ምን ይመስላሉ? ባሉጋኒ የሣላቸው ከሞላ ጎደል በሀገራችን ሰው ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ እንሰት፣ ቍልቋል፣ ቀንጠፋ፣ ዋንዛ፣ ዋጊኖስ፣ ኮሶ፣ ጤፍ። አሠራሩ የዕፀዋት ሊቃውንት የሚፈልጉት ዓይነት ነው። ቅርንጫፉ ከነቅጠሉና ከነአበባው በነጭ ወረቀት መካከል ይቆማል፤ አፈር የለውም፤ ሰማይ የለውም፤ ጥላውም በመሬት ላይ አይወድቅም። እርግጥ ይህ ሠዓሊ ዘወትር በሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣለ ማለት አይቻልም፤ የተቈረጠ ቅርንጫፍ ሳይጠወልግ መሣል አለበትና ቦታው አንዳንዴ የመንገድ ዳር፣ አንዳንዴ ድንኳን፣ አንዳንዴም ቤት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ቀለሙ ራሱ ተፈጭቶ በሙጫ ይለወስ ነበርና ሥራው የዛሬውን ያህል ቀላል አልነበረም። ሆኖም እጁ አልቸኰለም። የታተመው መጽሐፍ በመዳብ ላይ ተቀርጾ በጥቍር ቀለም ብቻ ስለ ወጣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ የቀለም ልዩነት ጠፍቷል፤ የባሉጋኒን ሥራ በመጽሐፉ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን አላየም።

ስለዚህ ሥራ ያለን አድናቆት ከፍ ያለ ነው፤ ከብዙ የቤተ መንግሥት ሥዕል ይልቅ አንድ የኮሶ ቅርንጫፍ ስለ ጎንደር ኑሮ የበለጠ ይናገራል ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ ነጩ ወረቀት የሚሰውረውም አለ። የእንሰትን ነገር እንመልከት። እንሰት በደቡብ ኢትዮጵያ የሕዝብ ምግብ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ በጎንደርና በጎጃም ግን ዛሬ ሰው ኮባ እያለ የሚጠቀምበት ለቅጠሉ ነው፤ ዳቦ ሲጋገር ከሊጡ ሥር ይነጠፋል፤ ሥሩን የሚበላ የለም። በቀደመው ዘመን በሰሜኑ ክፍልም ይበላ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው በሊቃውንት መካከል ያከራከረ ጕዳይ ነው፤ በ1960 ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብና ኑሮ መጽሐፍ ያሳተመው ፍሬድሪክ ሲሙንስም የእንሰትን ነገር ከመረመሩት አንዱ ነው። የባሉጋኒ ሥዕል ተክሉ ምን እንደሚመስል ያሳየናል፤ በማን ማሳ ላይ እንደ በቀለ፣ ማን እንደ ፋቀው፣ ማን እንደ በላው ግን አይነግረንም። ለዚህ ወደ ብሩስ ጽሑፍ መመለስ ግድ ነው፤ ብሩስ ደግሞ ስለ ሠዓሊው የዋሸን ሰው ነው። ኮሶም እንደዚሁ ነው፤ አበባው በሥዕሉ ላይ ያምራል፤ ሕዝቡ በየወሩ ለሆድ ትል እንደሚጠጣው የምናውቀው ከጽሑፉ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ኮሶ የጠጣ ሰው የሚያሳየው ፊት ግን በየትኛውም የለም።

ወደ ስሞቹ እንምጣ። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ በቂ ትኵረት የተደረገ አይመስለንም። ከሥዕሎቹ ጋር የቀረቡት ስሞች የአውሮፓ ስሞች አይደሉም፤ ብሩስ ዋጊኖስን፣ ቀንጠፋን፣ ዋንዛን በሰማው ስም በራሱ ፊደል ጽፏቸዋል። የቀና የጠ ድምፅ በላቲን ፊደል ስለማይያዝ ቀንጠፋ ተለስልሶ ከንቱፋ መስሏል፤ ቢሆንም ስሙ በ1770 በጎንደር አካባቢ ከሰው አፍ የተሰማ ነው። ማን አፍ? ባሉጋኒ ከቦሎኛ ሲመጣ ዋጊኖስን አያውቅም ነበር። አንድ ሰው፣ ምናልባት መድኀኒት አዋቂ፣ ምናልባት በቅሎ ነጂ፣ ቅርንጫፉን ቈርጦ አምጥቶ ስሙን ነግሮታል፤ ለምን እንደሚጠቅምም ነግሮታል። ብሩስ የባሉጋኒን ስም ሰወረ ብለን ስንከሰው፣ ብሩስም ባሉጋኒም የዚህን ሰው ስም እንዳልጻፉልን መዘንጋት የለብንም። የ1991ዱ መጽሐፍ ለሠዓሊው ፈርዷል፤ ለነጋሪው የሚፈርድለት ገና አልተገኘም። በሥዕሉ ላይ ከእርሱ የቀረው አሻራ ያ በባዕድ ፊደል የተበላሸው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። ዋጊኖስ በሀገራችን ለተቅማጥ በሽታ የሚሰጥ መድኀኒት ነው፤ ብሩስ ራሱ ይህንኑ ጽፏል። በሳይንስ ስሙም ብሩሲያ አንቲዲሰንቴሪካ ይባላል፤ የብሩስን ስምና የበሽታውን ስም አጣምሮ የያዘ ነው። ተክሉን የሣለው ሰው የሞተው በዚያው በሽታ ነው። ኮሶም ሐጌንያ ተብሎ ሀገራችንን ረግጦ በማያውቅ በአንድ የኬኒግስበርግ መድኀኒት ቀማሚ ስም ተሰየመ። ከእነዚህ ዕፀዋት መካከል የሀገሩን ስም ይዘው በሳይንስ መዝገብ ከገቡት አንዱን እንጥቀስ፤ እርሱም ብሩስ በሊማሊሞ ያገኘውና ጋጉዲ ብሎ የመዘገበው ቍጥቋጦ ነው፤ እስከ ዛሬም ፕሮቴያ ጋጉዲ ይባላል።

ባሉጋኒ ኢትዮጵያ ውስጥ የቈየው ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደር ግን በ1847 መጥቶ እስከ 1868 ኖረ። በአንሐልት ሀገር በ1813 የተወለደ ሠዓሊ ሲሆን በስሜን ከደጃዝማች ውቤ ዘንድ አደረ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጅ ወለደ፤ ከዕፀዋት ሊቁ ከሽምፐር ጋር በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሥራ ላይ እጁ አለበት። ደረስጌ ማርያም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ያሠሯት፣ ነገር ግን በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሣ ድል አድርገዋቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የተቀቡባት ናት። ዛንደር የቴዎድሮስ አገልጋይ፣ በመጨረሻም በመቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ።

የዛንደርን የስሜን ንድፎችና የውሃ ቀለም ሥዕሎች ከመንገደኞች ሥራ የሚለያቸው ይህ መቈየት ነው። አላፊው ሠዓሊ ተራራውን የሚያየው እንደ መጋረጃ ነው፤ ሰውን የሚሥለውም የተራራው ቁመት እንዲለካበት ሲል ብቻ ነው፤ አንድ ነጭ ለባሽ ዘንጉን ተደግፎ ከጅባራ ሥር ይቆማል፤ ማን እንደ ሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ድንጋይ አስጠርቦ፣ ዕንጨት አስቈርጦ፣ ከአናጢው ጋር ተነጋግሮ ሕንፃ ያቆመ ሰው ግን ግድግዳ ሲሥል ግድግዳው በምን እንደ ቆመ ያውቃል። ግን ዛንደርም ከወቀሳ ነጻ አይደለም። የሚኖረው በጌታ እጅ እየበላ ነው፤ የሚያየውም ከጌታው ግቢ በር ላይ ቆሞ ነው። የገባሩ ጎጆ በዚያ ዓይን ሲታይ ሩቅ ነው፤ የሴቲቱ ወፍጮ ደግሞ ከዚያ አይታይም።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ደስ አያሰኝም። ብሩሽና ወረቀት ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ ንብረቱን በቦታው ትቶ አልሄደም። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የደረሰው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ የዐፄ ቴዎድሮስን የአስከሬን ፊት በእርሳስ ነደፈ፤ የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕልም ለራሱ ወሰደ። አንዱን ሣለው፤ ሁለተኛውን ያዘው። ጎንደር ራሷ ይህን የመሰለ ነገር ያየችው ደግሞ በ1932 ነው። ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የባህል ጥናት ቡድን በዚያ ዓመት በጎንደር ወራት ቈየ፤ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊም ከፓሪስ መጥቶ ተቀላቀለው። የሩ ተግባር በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተመሠረተችውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች መገልበጥ ነበር። ቅጁ ሲያልቅ ቅጁ ከግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ዋናው ተልጦ ወደ ፓሪስ ተላከ፤ ዛሬም በዚያው በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይታያል። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የቀን ማስታወሻ ቡድኑ በጉዞው ላይ ዕቃዎችን እንዴት እንደ ሰበሰበ ሳይሸፍን ስለ ጻፈ ነገሩን ለመካድ መንገድ የለም።

መገልበጥ በራሱ ክፉ ሥራ ነው አንልም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን እናስባለን። ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ሥላሴና ከጥቂት ሌሎች በቀር የከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕላቸው ነደዱ። ከዚያ በፊት ካለፉት ብዙ መንገደኞች አንዱ እንኳ ከአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን በሙሉ በውሃ ቀለም ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ለዛሬው ተማሪ እንዴት ያለ ሀብት በሆነ ነበር! ሥዕሉ ሊጠፋ ነውና እናድነው የሚለውን ክርክርም አንንቅም። ነገር ግን ለማዳን ከሆነ ቅጁ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ዋናው በቤቱ ይቀራል። በአባ እንጦንስ የሆነው ግልብጡ ነው። ሠዓሊው ምእመናኑ ባዶ ግድግዳ አይተው እንዳይጮኹ የሚያስችል መሸፈኛ ሠራ፤ የብሩሹ ጥበብ ለመውሰድ አገልጋይ ሆነ። የሩን ቅጅ በሥነ ጥበብ ዋጋው ብቻ መመዘን ይህን ሁሉ እንዳላዩ ማለፍ ነው።

ዛሬ ጎንደርን የሚሥሉት ባዕዳን ብቻ አይደሉም። በ1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ በሜዳ ተቀምጦ መሣልን የተማረ ኢትዮጵያዊ በርክቷል። የሚያሳዝነው፣ ወጣቶቻችን ወደ ጎንደር ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሥሉት መንገደኛው የሣለውን ያንኑ ነው፤ የፋሲል ግንብ በመካከል፣ ጽድ በጎን፣ ነጭ ለባሽ ሽማግሌ ከፊት። የግንቡ ጥቍር ድንጋይና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ቀላ ያለው ድንጋይ በውሃ ቀለም እንደሚያምር አይካድም፤ ገዢም አያጣም። ግን ከግንቡ በታች ቅዳሜ ገበያ አለ፤ በወለቃ ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላው ሥራ አልቀረም፤ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስትለውስ ክንዷ የሚያርፍበትን ሁኔታ ፎቶግራፍ በአንድ ቅጽበት ያነሣዋል እንጂ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ እንደ ተከተለ እጅ አያስረዳም። በውሃ ቀለም ለሚሠራ የባህል ጥናት ተማሪ ከፋሲል ግንብ ይልቅ ይህ ይሻለዋል እንላለን፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀመጠበትን ስፍራ፣ የዕቃውን ስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ስሙን የነገረውን ሰው ስም ይጻፍ።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚሆን አንድ ጕዳይም አለ። ጋጉዲ የሚለው ቃል ብሩስ እንደ ሰማው ነው የተጻፈው፤ የብሩስ ጆሮ ምን ያህል እንደሚታመን በቀንጠፋ አይተናል። የባሉጋኒን ሥዕል ቅጅ ይዞ ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ተማሪ ቍጥቋጦውን ፈልጎ ቢያገኝ፣ ከጎኑ ተቀምጦ በቦታው እንደ ገና ቢሥለው፣ ከዚያም በመንገዱ ለሚያልፉት እረኞችና አዛውንት ሁለቱን ሥዕሎች አሳይቶ ስሙን ቢጠይቅ፣ ትክክለኛውን አጠራር በራሳችን ፊደል ለመመዝገብ ይችላል።